ኒውዮርክ ቀርቶ ባልቲሞር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለመምህር ንጉሡ፣ ደሴ

ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ? እኔ በእርስዎ ጸሎትና በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ውብነሽም በጣም አድርጋ ሰላም ብላዎታለች።

ደብዳቤውን እንደ ልማዳችን በቴሌግራም ወደ ፀሐዩ ፎቶ ኮፒ ቤት ልኬዋለሁ። ፊደሉ ካነሰብዎት በትልቁ እንዲያትምልዎት ይንገሩት። ጆሮዎ ስልክ አልቀበል ካለ ወዲህ ፀሐዩ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ልጅዎ ውብነሽ በራሷ እጅ ያልጻፈችልዎት ሥራ በዝቶባት ነው። ኤርፖርት ያለው የምትሠራበት ሱቅ ሠራተኛ ቀንሶባቸው ከአሌክሳንድሪያ ቤቷ ማለዳ ወጥታ ማታ ነው የምትገባው። አይቀየሟት።

አንድ ደስ የሚል ወሬ ልንገርዎት። ከፋሲካ በኋላ አራት ሆነን ለሁለት ቀን ኒውዮርክ ልንሄድ ነው። አራቱ እኔ፣ ውብነሽ፣ ሃይማኖትና አብርሆት ነን። ሃይማኖትን ያውቋታል፤ ክፍል ውስጥ አላወራም ብላ ምላ ወዲያው ስታወራ በር ላይ ያቆሟት የነበረችው ናት። ዛሬ አስፐን ሂል ልጆች ታሳድጋለች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። አብርሆት የጎንደር ልጅ ናት፤ እዚህ ነው ያገኘናት። አርሊንግተን አንድ ቢሮ ሒሳብ ትሠራለች። ሃይማኖት ለምታወራው ሁሉ ዝም የምትለው እሷ ናት።

ይህን ጉዞ ስናቅድ ዓመታት አለፉ። አንዷ ኦፍ ስታገኝ ሌላዋ ታጣለች፤ የአንዷ ልጅ ይታመማል፤ ክርስትና እንጠራለን። በዚህ ጊዜ ግን ውብነሽ «ዘንድሮ ካልሄድን አንሄድም» ብላ ቆርጣ ተነሳች። ሃይማኖት በዚያው ቀን ሆቴሉን ቡክ አደረገች።

ለጆሮ መሣሪያዎ ያሉኝን ባትሪ ገዝቻለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልክልዎታለሁ።

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣ ጸዳለ

*

ደሴ፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸዳለ

የእህቴ ልጅ፣ በቤቴ ያደግሽ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ። እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሁለቱም አርጅተው ነውና አልቀየማቸውም። ፀሐዩ ደብዳቤሽን ራሱ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ፤ እሱም ሰላም ብሎሻል።

ሃይማኖት አውቶቡስ ትነዳለች ማለትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተሳፋሪዎቿን እግዚአብሔር ይጠብቃቸው። ስትነዳ እንዳታወራ እኔ አዝዣለሁ በያት።

የጉዞውን ነገር ስሰማ ደስ አለኝ። ውብነሽ ልጅ ሳለች ከካርታው ፊት አቁሜ ከተማ ስጠራላት በጣቷ ታሳየኝ ነበር። ኒውዮርክን ስጠራ ሁልጊዜ ቦስተን ላይ ታርፋለች። አሁን በእግሯ ልትረግጠው ነው። ሴቶች ተሰብስባችሁ ለራሳችሁ ስትሉ አንድ መንገድ መሄዳችሁን ወደድኩት። እናቷ በሕይወት ብትኖር ስንቅ ካልቋጠርኩ ብላ ታስቸግራችሁ ነበር።

ግን ልጄ ለምን ራሷ አትጽፍልኝም? ከገና ወዲህ የእጇን ጽሑፍ አላየሁም። ሥራ እንደሚበዛባት አውቃለሁ፤ ድሮም ይበዛባት ነበር፤ ይጻፍ ነበር። ፀሐዩ በቪዲዮ ፊቷን አሳይዎታለሁ ይለኛል። ባልሰማትም ላያት እፈልጋለሁ።

ባትሪው ይቆይ፣ አትቸኩዪ። እሱን ተዪውና ከእሷ አንድ ገጽ ላኪልኝ።

አምላክ በወጣችሁበት ይመልሳችሁ።
አጎትሽ ንጉሡ

*

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። በዓሉን እንዴት አሳለፉ? ወይዘሮ አረጋሽ እንደ ጎረቤት ሳይሆን እንደ እህት ከቤታቸው ወስደው እንዳስገደፉዎት ፀሐዩ ነገረኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብዙ ሩጫ ነበረብን።

የኒውዮርኩ ጉዞ ቀርቷል። መኪና ውስጥ አራት ሰዓት ከዚያም በላይ መቀመጥ ይከብዳል ብለን ወደ ፊላደልፊያ ቀይረነዋል። እሷም ቆንጆ ከተማ ናት ይላሉ። ስለ ሆቴሉ ግን ተጣላን ማለት ይቻላል። ሃይማኖት ከንጋት ጀምሮ የምናየውን ሁሉ በሰዓት ከፋፍላ መጣች። አብርሆት ያንን ሁሉ ሰምታ «ሊፍት አለው? መኪናው በሩ ድረስ ይገባል?» ብቻ ብላ ጠየቀች። ሃይማኖት «እኛ ልንዞር ነው እንጂ ልንተኛ ነው እንዴ የምንሄደው?» አለቻት። ውብነሽ «እኔ መስኮት ያለው ክፍል ይብቃኝ» ብላ አስታረቀችን።

ቪዲዮውን ሞክረን ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ አስቸገረን። እጇንም ዕቃ ስታነሳ ወለም ብሏት እስክሪብቶ መያዝ አልተመቻትም፤ ሲሻላት ትጽፋለች። እስከዚያው በፋሲካ ማግሥት የተነሳችውን ፎቶ ልኬልዎታለሁ።

በጸሎትዎ አይርሱን።
ጸዳለ

*

ደሴ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጸዳለ

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ፎቶውን ፀሐዩ በትልቁ አትሞ ሰጠኝ። መነጽሬን አድርጌ መስኮት አጠገብ አየሁት። ልጄ ወፍራም ካፖርት ለብሳለች። ከኋላዋ ያሉት ዛፎች አንድ ቅጠል የላቸውም። ከእግሯ ሥር በረዶ አለ። ጸዳለ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። በፋሲካ ማግሥት እናንተ አገር ዛፍ ይለመልማል።

ልቆጣሽ አይደለም የምጽፈው። የሚመላለስብኝን ልንገርሽ ብዬ ነው። መጀመሪያ ታስራ ይሆናል አልኩ። ወረቀቷ ተበላሽቶ ይዘዋት ይሆን አልኩ። ደግሞ ሳትነግረኝ አግብታ፣ ወይ ወልዳ፣ እኔን አፍራ ይሆናል አልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ እኔው በማላውቀው ነገር አስቀይሜያት ይሆናል ብዬ የድሮ ደብዳቤዎቼን በሐሳቤ ስመረምር ዋልኩ። ይህ ሁሉ ቢሆን እቀበለዋለሁ። ታስራም ቢሆን ልጄ ናት። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱን አላሰብኩትም፣ ማሰብም አልፈልግም።

ኒውዮርክ ነበር፣ ፊላደልፊያ ሆነ። እየቀረበ የሚመጣ ጉዞ አላማረኝም።

ከአንቺ የምፈልገው ፎቶም ባትሪም አይደለም። ልጄ ምን ሆነች?

ንጉሡ

*

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ

ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ብቻዎን ከሆኑ አስቀድመው ወይዘሮ አረጋሽን ያስጠሯቸው። ፀሐዩ፣ አንተም ስታትመው ታነበዋለህ። አነበብከው ብዬ አልቀየምህም፤ ብቻ ዛሬውኑ አድርስልኝ።

ውብነሽ ታማለች። ካንሰር ነው። ከሆዷ ውስጥ ጀምሮ ተሰራጨ። ባለፈው ጥቅምት ነው የታወቀው። መድኃኒቱን ስትወስድ ጸጉሯ አለቀ፣ የጣቶቿ ጫፍ ደነዘዘ፤ እስክሪብቶ ሲወድቅባት አይቻለሁ። ያልጻፈችልዎት ለዚህ ነው። ቪዲዮ እምቢ ያለችውም እንዳያዩዋት ነው። ፎቶው የታኅሣሥ ነው፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ አስቀመጠችንና ከእንግዲህ መድኃኒቱ ያደክማት እንደሆነ እንጂ አይጠቅማትም አለችን። እኔ አለቀስኩ። ውብነሽ ምን ብላ እንደጠየቀች ያውቃሉ? «ፊላደልፊያ መሄድ እችላለሁ?» ሐኪሟ «ከዚህ ከአንድ ሰዓት መንገድ በላይ ባትርቂ» አለቻት። ስለዚህ ባልቲሞር ሆነ።

እንዳይነገርዎት ያስማለችን እሷ ናት። በተደጋጋሚ ለምኛታለሁ።

«ጋሼ ማወቅ አለባቸው» አልኳት።

«አባባ አይሰማም እኮ» አለችኝ። «ማንም ሲነግረው ጮኾ ነው የሚነግረው። የእኔን ነገር ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ በጩኸት እንዲነገረው ነው የምትፈልጊው?»

«እኔ እጽፍላቸዋለሁ።»

«ብትጽፊለት ዓይንሽን አላይም።»

ይኸው እየጻፍኩ ነው። ዓይንሽን አላይም ካለችኝም ትበል። እርስዎ ስለ እስር ቤት እያሰቡ ሲሰቃዩ ዝም ማለት አልቻልኩም። ደግሞም ጋሼ፣ ጊዜ የለንም። እሷ አውሮፕላን አትችልም። ለእርስዎም ቪዛው በወራት የሚደርስ አይደለም፤ ጠይቄያለሁ።

ዓርብ ግንቦት 15 ከሰዓት በኋላ እንወጣለን፤ እሑድ እንመለሳለን። ከዚያ በፊት ለእሷ ጥቂት መስመር ይጻፉላት። ምን እንደሚሏት እኔ አላውቅም። እዚያ፣ ሦስታችንም አጠገቧ ባለንበት፣ የእርስዎን ጽሑፍ አሳያታለሁ። ከተቆጣችም እዚያው ትቆጣኝ።

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ።
ጸዳለ

*

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ

ለጤናዎ እንዴት ነዎት? መልስ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ፀሐዩን ስጠይቀው «ገና ነው፣ አይዞሽ» ብቻ ይለኛል። ተቆጥተውኝ ይሁን፣ ወይስ ደንግጠው ታመው ይሁን አላውቅም። ቢሆንም የሄድንበትን ልጽፍልዎት ይገባል።

ዓርብ ዕለት ሃይማኖት ልጆቿን ለባሏ ትታ በመኪናዋ መጣች። ከአሌክሳንድሪያ ውብነሽን ስናወጣት ከደረጃው እስከ መኪናው አብርሆት አቅፋ ነው ያወረደቻት። ክብደት የላትም ጋሼ። መንገድ ላይ ትራፊክ ያዘን፤ ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ተዘጋግቶ ነበር። ሃይማኖት ስታወራ ስታወራ ድንገት ዝም አለች፤ በመስታወቱ ስታያት ውብነሽ ከንፈሯን ነክሳ ሕመሟን እየዋጠች ነበር። «አውሪ እንጂ» አለቻት ውብነሽ። «አንቺ ዝም ስትዪ ነው የሚብስብኝ።»

ክፍላችን ወደቡን ያያል። ቅዳሜን አብዛኛውን ተኛች። እኛ ሦስታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሰዓት እየቆጠርን ዋልን። ሃይማኖት ያንን ሁሉ ፕሮግራሟን ከቦርሳዋ ሳታወጣው ቀረች። ጠበል ይዛ መጥታ ስለነበር ውብነሽ ስትነቃ ላጠጣት ስትል አብርሆት «ውሃ እንኳ አይረጋላትም፣ ተያት» አለቻት። «እምነት የለሽም እንዴ?» «እምነትማ አለኝ፤ ዓይንም አለኝ።» ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ተጨቃጨቁ፣ ከዚያ እዚያው ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሲመለሱ ውብነሽ ነቅታ ነበር።

«ለሽርሽር ነው የመጣችሁት ወይስ ለለቅሶ?» አለቻቸው። ጠበሉን ተቀበለችና ከንፈሯን አራሰች።

እሑድ ጠዋት ውጪ አውጡኝ አለች። ከሆቴሉ ዊልቸር ተቀብለን ውሃው ዳር ወሰድናት። ነፋስ ነበር፤ በብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ጠቀለልናት። ለረጅም ጊዜ መርከቦቹን አየች። ከዚያ «መስከረም ላይ ደግሞ ኒውዮርክን እንሂድ፤ ያኔ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል» አለች። አብርሆት አቀርቅራ ቀረች። ሃይማኖት ግን ስልኳን አውጥታ ሆቴል መፈለግ ጀመረች። እኔም ገባሁበት። ይኼኛው ሩቅ ነው፣ ያኛው መስኮቱ ግድግዳ ያያል እየተባባልን መረጥን። እሷም መረጠች። አራታችንም ምን እያደረግን እንደሆነ እናውቅ ነበር፤ ግን ማንም ማቆም አልቻለም።

ስንመለስ በመኪና ውስጥ እጄን ይዛ «አባባ ጻፈ?» አለችኝ። «ደሴ ኔትወርክ የለም አሉ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

አሁን ቤቷ ናት። ነርስ እየመጣች ታያታለች፤ ማስታገሻ ትሰጣታለች። እኛም በየተራ አብረናት እናድራለን። አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች፤ ስትነቃ ግን ሰው ትለያለች፣ ታወራለች። ጋሼ፣ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ። ለእሷ ግን ይጻፉላት።

ጸዳለ

*

ደሴ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸዳለ

ትናንት የጰራቅሊጦስ ዕለት ገና ሳይነጋጋ የቤቴ በር ሲነቃነቅ አይቼ ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ወይዘሮ አረጋሽና ከኋላቸው ፀሐዩ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። አንደኛው አፉን ከፈተ፤ አልሰማሁም። ሁለተኛው ጮኸ፤ አልሰማሁም። «ውብነሽ» የሚለውን ከከንፈሩ ለየሁ። ጋቢዬን ጥዬ መሬት ተቀመጥኩ። ወይዘሮ አረጋሽ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የለም፣ የለም ማለታቸው ነው። ያኔ ፀሐዩ መጥቶ ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን እጄ ላይ አኖረልኝ።

የመጀመሪያውን ፀሐዩ እንደደረሰው አንብቦታል። ብቻቸውን ላሉ ሽማግሌ ይህን እንዴት እሰጣለሁ ብሎ ለሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች ነገረ። አንዱ መንገድ ሄዶ ነበርና ይምጣ ተባለ። ሌላው ምናልባት ትድን ይሆናል፣ ለምን እናስደነግጣቸዋለን አለ። ሦስተኛው ከበዓሉ ጋር እናድርገው አለ። እንዲህ ሲባባሉ እናንተ ባልቲሞር ሄዳችሁ ተመለሳችሁ። ልጄ ጻፈ ወይ ብላ ስትጠይቅ ደብዳቤው ከፀሐዩ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ልቆጣው ተነሳሁ። ሰውየው እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር፤ ተውኩት። እሱ ለእኔ አስቦ ነው። ሽማግሌዎቹም ለእኔ አስበው ነው። አንቺም የበረዶ ፎቶ የላክሽልኝ ለእኔ አስበሽ ነው፤ ልጄም እንዲሁ። ሁላችሁም ስታስቡልኝ ልጄን ሳላናግራት ቀኑ ሄደ።

አንድ ነገር አዝሻለሁ። ከእንግዲህ ምንም ይምጣ ምን፣ ሽማግሌ እንዳትልኪብኝ። አሳምረሽም እንዳትጽፊልኝ። እንደሆነው አድርገሽ ለእኔ ጻፊ። ፀሐዩንም በዚያው ሰዓት እንዲያመጣልኝ በወንጌል አስምዬዋለሁ።

ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው። ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

«ውብነሽ ልጄ፣ ሁሉንም አውቄአለሁ። የሰማሁት በጩኸት አይደለም፤ በጸጥታ አንብቤ ነው። ጸዳለን እንዳትቆጪያት። ጸጉሬ ስለሌለ አባቴ አያውቀኝም ብለሽ ከሆነ ፊትሽን የደበቅሽብኝ፣ ስትወለጂም ጸጉር አልነበረሽም፤ ያኔም አውቄሻለሁ። መምጣት ባለመቻሌ ራሴን እየረገምኩ ነው፤ ግን ይህ ያንቺ ጭንቀት አይሁን። ጓደኞችሽ ስላሉሽ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ካመመሽ ጩኺ፤ አትዋጪው። ካለቀስሽም አልቅሺ። ደክሞሽ ከሆነ ደግሞ ዕረፊ፤ አባትሽ ፈቅዶልሻል። አላዘንኩብሽም። በአንቺ አንድም ቀን አላዘንኩም።»

ንጉሡ

*

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ

እንዳዘዙኝ ሽማግሌ አልላክሁብዎትም። ፀሐዩ ይህን ሲሰጥዎት ወይዘሮ አረጋሽ አጠገብዎ እንዲቀመጡ ግን ለምኜዋለሁ። ይህችን ብቻ ይቅር ይበሉኝ።

ውብነሽ ቅዳሜ ግንቦት 30 ጠዋት አርፋለች።

ተራው የአብርሆት ነበር። ደውላ «ቶሎ ኑ» አለችን። ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንደርስ ሁለተኛ ደወለች፤ ሃይማኖት መኪናውን ዳር አቆመችው። ስንደርስ አብርሆት ፊቷን አጥባላት፣ ነጠላ አልብሳት አገኘናት። ሕመም አልነበረባትም ብላኛለች። ይህንንም አሳምሬ አይደለም፤ ነርሷም እንዲሁ ነው ያለችው።

ሽማግሌዎቹ ቤትዎ የመጡት እሷ ካረፈች በኋላ ነበር። እነሱ አያውቁም ነበር። እኔም ለፀሐዩ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ሳስብ፣ ስጽፍ ስሰርዝ፣ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ።

የአስከሬኑን ጉዳይ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ተረባርቦ ጨርሶታል። በዚህ ሳምንት ማብቂያ እኔና ሃይማኖት ይዘናት እንመጣለን፤ ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና።

አንድ ነገር ቀረኝ። የእርስዎን መልእክት ሳነበው አብርሆት «ሰምታው አረፈች በያቸው» አለችኝ። ሃይማኖት እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ። የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው ለማጽናናት ከሆነ እግዚአብሔር ልብሽን ያያል አሉኝ። ተቀምጬ «አነበብኩላት፤ ፈገግ አለች» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳየው ያንን የበረዶ ፎቶ መስሎ ታየኝ፤ ቀደድኩት።

ትናንት ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ሰዎቹን ጥቂት ደቂቃ ለምኜ፣ እንዳሉኝ ቀስ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት።

ጋሼ፣ አልሰማችም።

ልጅዎ ጸዳለ